ሞተሩ ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋው ምንድን ነው?



በዚህ ወር የምናወጋው ስለ መኪና ነው። «መኪና ለሌለው ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በዛሬ ዘመን መኪና የሌለውም ቢሆን ወይ ተሳፋሪ ነው፣ ወይ የሹፌር አባት ወይም እናት ነው፣ አለዚያም ቆሞ የቀረ መኪና ባየ ቁጥር ለመግፋት ከሚሯሯጡት ወጣቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል።

በአገራችን መንገድ ዳር የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሹፌሩ ይወርዳል፣ ረዳቱ ገመድ ይፈልጋል፣ ከሻይ ቤት የተነሱ ወጣቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሰለፋሉ። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ሊጠፋብንም አይገባም። ሆኖም ደግነት ብቻውን አይበቃም። ረጂው የሚረዳውን ነገር ጠባይ ካላወቀ ሊያድነው የመጣውን ራሱ ይሰብረዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቁልቁለት ሲለቀቅ ወይም በገመድ ሲጎተት የሚደርስበት ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ፎሌ ምንድን ነው?

አባቶቻችን የመኪናን ሙያ በአብዛኛው የተማሩት ከጣልያኖች ስለነበር የሹፌርና የመካኒክ ቋንቋችን እስከ ዛሬ የጣልያንኛ ጠረን አለው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ጋቢና የምንላቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። «ፎሌ»ም እንዲሁ ነው። ማርሹ ከየትኛውም ጥርስ ጋር ሳይያያዝ የሚቀርበትን ሁኔታ የሚገልጸው ይህ ቃል በጣልያንኛ ትርጉሙ «እብድ» ማለት ነው። እንግዲህ መኪናን በፎሌ ቁልቁለት መልቀቅ ማለት፣ ቃል በቃል ከተረጎምነው፣ አሳብዶ መልቀቅ ነው።

ይህ ልማድ እንዲሁ አልመጣም፤ ከመንገዳችን ጠባይ የመጣ ነው። ከአሶሳ ተነስቶ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆና በጊምቢ አድርጎ ነቀምት የሚደርሰው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ነው። በባምባሲና በመንዲ መካከል የዳቡስን ወንዝ፣ በጊምቢና በነቀምት መካከል ደግሞ የዴዴሳን ወንዝ ይሻገራል። ነቀምት ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ የዴዴሳ ድልድይ ግን በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ በቆላው ውስጥ ይገኛል። ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛም በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከ1,000 ሜትር በላይ የሚዘቀዘቀውን የዓባይን ሸለቆ ያውቀዋል። እንዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ መኪናው በራሱ ክብደት ይሄዳልና «ሞተሩን ምን አስጮኸው? ነዳጅስ ለምን ይቃጠላል?» የሚል ሐሳብ ለሹፌር ይመጣበታል። ማርሹን ፎሌ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ሞተሩን ጭራሽ ያጠፋል። ታለመ የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለና የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ከጨመረ ወዲህማ ፈተናው በርትቷል።

ልማዱ የተጀመረው በማንዋል መኪኖች ዘመን ነው። ዛሬ ግን ቪትዝ የሚባለው የቶዮታ መኪናና ሌሎችም አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች በየከተማው በዝተዋል። ልማዱም ሳይመረመር ከማንዋሉ ወደ አውቶማቲኩ ተሻገረ። በማርሹ ዘንግ አጠገብ የተጻፈውን «ኤን» አይተን «ይሄ ፎሌ ነው» አልን። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የካምቢዮው ደም

ለመሆኑ አውቶማቲኩ ከማንዋሉ በምን ይለያል?

በማንዋል ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ጥርሶች በዘይት ውስጥ ተነክረው የተቀመጡ ናቸው። በሚዞሩበት ጊዜ ዘይቱን ራሳቸው እየረጩ ይለሰልሳሉ። ስለዚህ ማንዋል መኪና በፎሌ ሆኖ በገመድ ቢጎተት ብዙውን ጊዜ ካምቢዮው አይጎዳም።

አውቶማቲኩ ግን በዘይት ግፊት የሚኖር ነው። አንደኛ፣ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ዘይት ነው። ሁለት ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠን አንዱን በኤሌክትሪክ ብናስነሳው ነፋሱ ሌላውንም ያዞረዋል፤ በካምቢዮው ውስጥ በነፋሱ ፈንታ ዘይት ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ማርሽ የሚቀይረው የሰው እጅ ሳይሆን የዘይቱ ግፊት ነው። ግፊቱ በውስጥ ያሉትን ትናንሽ የፍሪሲዮን ሸራዎች እያጣበቀና እየለቀቀ አንዱን ማርሽ ያስገባል፣ ሌላውን ያስወጣል። ሦስተኛ፣ ያው ዘይት የሚፋተጉትን ብረቶች ሁሉ ያለሰልሳል፣ ሙቀታቸውንም ይዞ ይወጣል። በአጭሩ ዘይቱ ለካምቢዮው እንደ ደም ነው።

ይህን ደም የሚረጨው አንድ ፓምፕ ነው። ፓምፑ በካምቢዮው ፊት በኩል ተቀምጦ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ብቻ ነው። የጎማው መዞር ፓምፑን አያዞረውም። ውድ አንባብያን፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሷ ናትና።

ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ የምጠቅሰው በየመንደራችን ያለውን የእጅ ፓምፕ ነው። ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶት ቢያድርም እጀታውን የሚገፋ ሰው ከሌለ ጀሪካን አይሞላም። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንደዚያው ነው። ዘይቱ ከሥር ሞልቶ ተቀምጧል፤ ሞተሩ ከጠፋ ግን ወደ ላይ የሚያወጣው የለም።

አሁን ወደ «ኤን» እንመለስ። ማርሹን «ኤን» ላይ ስናደርገው የሚቋረጠው የሞተሩ ኃይል ነው እንጂ ጎማው ከካምቢዮው አይለያይም። የካምቢዮው መውጫ ዘንግ ከጎማው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። መኪናው ቁልቁለት ሲንደረደር ወይም ሲጎተት ጎማው ዘንጉን፣ ዘንጉም የውስጡን ጥርሶችና ኩሽኔታዎች በፍጥነት ያዞራል። ፓምፑ ግን ቆሟል። ብረት ከብረት ያለ ዘይት ሲፋተግ ይግላል፣ ይላጣል። የተላጠው ብናኝም ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ይገባል። ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ መኪናው ተነስቶ ከርሞ፣ ሰዉም ጉተታውን ረስቶ፣ አንድ ቀን ማርሽ አልገባ ይላል።

«ሲቪቲ» የሚባለውና በብዙ ቪትዞች ላይ ያለው ዓይነት ደግሞ በደረጃ የተቀመጡ ማርሾች የሉትም። በሁለት ፑሌጃዎች መካከል የሚሄድ የብረት ቀበቶ አለው። ቀበቶውን አጥብቆ የሚይዘው ያው የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ቀበቶው ያለ በቂ ግፊት ስለሚዞር ሊንሸራተትና ሊፋቅ ይችላል።

አንዳንድ በዕድሜ የገፉ መካኒኮች «እኛ በደጉ ጊዜ አውቶማቲክም ገፍተን እናስነሳ ነበር» ይላሉ። አልተሳሳቱም። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ካወጣ ወዲህ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙ የአሜሪካ አውቶማቲኮች በኋላ በኩል በጎማው የሚዞር ሁለተኛ ፓምፕ ነበራቸው። ኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ይህን ፓምፕ ተዉት። ዛሬ በከተማችን የሚሄዱትን አውቶማቲኮች ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የዘይት ግፊት ከሌለ የጎማው ኃይል ወደ ሞተሩ አይደርስም፤ ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ቢገፋም ሞተሩ አይነሳም።

ቁልቁለቱ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ብረት ነው። ብረት በገንዘብ ይተካል። ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሹፌሩ ብዙ ረዳቶቹን በአንድ ጊዜ ያጣልና።

መጀመሪያ የሚያጣው የፍሬኑን አጋዥ ነው። በቤት መኪና ላይ ፍሬን ስንረግጥ የእግራችንን ጉልበት የሚያበዛልን መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ በአብዛኛው ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የተጠራቀመው ኃይል ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መርገጫው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት እጅግ ይጨምራል። በአየር ፍሬን የሚሠሩት ትላልቅ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶችም አየሩን የሚሞላላቸው በሞተር የሚሠራ መጭመቂያ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሹፌሩ ደጋግሞ በረገጠ ቁጥር የተጠራቀመው አየር እያለቀ ይሄዳል።

ቀጥሎ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ከተመለሰና ከወጣ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ኩርባ ላይ የተቆለፈ መሪ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ከዚህም ሌላ መኪናውን የሚገታው የሞተሩ ኃይል ይቀራል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። በፎሌ ወይም በ«ኤን» የተለቀቀ መኪና ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ያለ ማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ ሸራው ይነድዳል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። መኪናው እምቢ ከማለቱ በፊት ግን ሹፌሩ የሞተሩን እርዳታ እምቢ ብሎ ነበር።

«ሞተሩን ሳላጠፋ በ«ኤን» ብቻ ብለቅስ?» የሚል ቢኖር፣ ፍሬኑና መሪው ረዳቶቻቸውን አያጡም፤ ነገር ግን የሞተሩ መያዣ የለም። ካምቢዮውም ቢሆን ጎማው በኃይል ሲዞር ፓምፑ በዝግታ ከሚዞር ሞተር የሚያገኘው ዘይት ትንሽ ነው። ስለዚህ ይህም አይመከርም።

ነዳጁስ? በካርቡሬተር የሚሠሩት እንደ ቀድሞዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ያሉት መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ቁልቁለት ሲወርዱም ነዳጅ መሳባቸውን አይተዉም ነበር። በኢንጀክሽን የሚሠሩት የአሁኖቹ ግን በአብዛኛው ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲወርዱ፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሳ፣ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው መንደርደር ነው። በ«ኤን» ከተለቀቀ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መቃጠል አለበት። እንግዲህ ረዥም ቁልቁለት ላይ «ልቆጥብ» ብሎ «ኤን» ያደረገ ሹፌር በማርሽ ከሚወርደው ይልቅ ነዳጅ ያቃጥላል ማለት ነው።

የቀድሞ የመንዳት አስተማሪዎች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። ለአውቶማቲኩም ይሠራል። በማርሹ ዘንግ አጠገብ «ኤል»፣ «ቢ»፣ «ኤስ» ወይም «2» ተብለው የተጻፉት ለጌጥ አይደለም፤ እንደ መኪናው ዓይነት ለዳገትና ለቁልቁለት የተዘጋጁ ናቸው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ቀንሶ ወደዚያ ማዛወርና ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ ይገባል።

ጉተታው

አንድ የማውቀው ሰው ቪትዝ ነበረው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበታል፤ ከዚያ ባለቤቱ የምትነግድበትን ዕቃ ገበያ ያወርድበታል። አንድ ቀን ከባምባሲ ሊመለስ ሲል መኪናው አልነሳ አለው። የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም። ሊመሽ ሲል አንድ የአይሱዙ ሹፌር ደረሰለት። ሰውዬው ደግ ነው፤ «ገንዘብ አልፈልግም» ብሎ ገመድ አሰረና 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ እስከ አሶሳ ጎተተው። ጨለማ ሳይይዛቸው ለመድረስም ፈጠን አለ።

በማግስቱ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያገኘው የላላ የባትሪ ገመድ ነበር። በቁልፍ አጠበቀው፣ መኪናውም ተነሳ። ሁሉም ሳቁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መኪናው ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ አለ። ካምቢዮው ሲፈታ ዘይቱ ጠቁሮ በብረት ብናኝ ተሞልቶ ነበር። ሌላ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቤተሰቡ ለወራት ያለ መኪና ኖረ፤ የባለቤቱም ንግድ ተጓጎለ። አይሱዙውን የነዳው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ባለቤቱም አልሰነፈም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ይህ መኪና ለምን ቆመ?» ብሎ ጠይቆ ኮፈኑን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከገመዱ በፊት ምክንያቱ ይፈለግ። የባትሪው ገመድ፣ ነዳጁና ፊውዙ ይታዩ። የደከመው ባትሪው ከሆነ ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ማስነሳት ይቻላል። ቀዩ ኬብል አስቀድሞ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። ጥቁሩ በመጀመሪያ ከደህናው ነጌቲቭ፣ በመጨረሻም ከባትሪው ራቅ ብሎ ከቆመው መኪና ሞተር ብረት ጋር ይያያዛል።

ሁለተኛ፣ መኪናው መንገድ ዘግቶ ከሆነ «ኤን» ላይ አድርጎ በእጅ ጥቂት ሜትር ገፍቶ ዳር ማስያዝ ካምቢዮውን አይጎዳውም። «ፒ» ላይ እንዳለ ግን ፈጽሞ አይጎተት፤ በውስጡ ዘንጉን ነክሶ የያዘ ብረት አለና ይሰበራል። ባትሪው ሞቶ ዘንጉ ከ«ፒ» አልወጣ ካለ በብዙ መኪኖች ከዘንጉ አጠገብ የመልቀቂያ ቀዳዳ ወይም ቁልፍ አለ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የእጅ ፍሬን መያዙን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ የመኪናው ነጂ ጎማ የትኛው እንደሆነ ይታወቅ። ቪትዝና የቅርብ ዘመን ኮሮላ በአብዛኛው ከፊት ይነዳሉ፤ የፊት ጎማዎቻቸው ከመሬት ተነስተው፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ በኋላዎቹ ቢጎተቱ ካምቢዮው አይዞርም። ከኋላ የሚነዱትን የኋላ ጎማቸውን ማንሳት፣ አለዚያም ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረዥም ዘንግ በመካኒክ ማስፈታት ያስፈልጋል። በአራቱም ጎማ የሚነዱት ደግሞ አራቱም ጎማ ከመሬት ቢለቅ ይመረጣል።

አራተኛ፣ ከሁሉ የተሻለው መጫን ነው። ከትልልቅ ከተሞች ርቀን ለምንኖር ሎቤድ በየቦታው አይገኝም። ከብት የሚጫንበት ከፍ ያለ የአፈር ዳርቻ ግን አይጠፋም። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝነውን ትንሽ መኪና በዚያ በኩል አይሱዙ ላይ በጥንቃቄ አውጥቶ፣ ጎማውን በድጋፍ ይዞ፣ በገመድ ጠፍሮ ማምጣት ከጉተታው ይሻላል።

አምስተኛ፣ ሌላ መላ ጠፍቶ መጎተት ግድ ከሆነ በዝግታና ለአጭር መንገድ ይሁን። አንዳንድ የመርሴዲስ መመሪያዎች ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያልበለጠ ፍጥነትና ከ50 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ይፈቅዳሉ። ሌሎች ፋብሪካዎች ከዚያ ያነሰ ይፈቅዳሉ፤ ፈጽመው የሚከለክሉም አሉ። ስለዚህ የጎረቤት መኪና ስለቻለ የእኔም ይችላል አይባልም። ሞተሩ የሚሠራና ለመቆም ያበቃው ሌላ ብልሽት ከሆነ፣ ብልሽቱም ሞተሩን የማይጎዳው ከሆነ፣ ሞተሩን አስነስቶ መጎተት ፓምፑ እንዲሠራ ያደርጋል። የካምቢዮው ዘይት ከፈሰሰ ግን ይህም አይጠቅም።

ስድስተኛ፣ ገመዱ ራሱ ይፈራ። የተወጠረ ገመድ፣ በተለይም የብረት ካቦ፣ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይጋረፋል። ማንም ሰው በገመዱ አቅጣጫ አይቁም፤ ልጆችም ይራቁ። በሚጎተተው መኪና ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ሰው አይቀመጥ። መሪው እንዳይቆለፍ የቁልፉ መክፈቻ ክፍት ይሁን፤ ፍሬኑ ከባድ መሆኑን ሹፌሩ አስቀድሞ ይወቅ፤ አራቱም ፍሬቻ ይብራ።

የነገው መኪና

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውለው አድረው ወደ እኛም መምጣታቸው አይቀርም። ስለ እነርሱ ከወዲሁ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር በአብዛኛው ከጎማው ጋር ምንጊዜም የተያያዘ ነው፤ «ኤን» ላይ ቢደረግም አይለያይም። ነጂው ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ሲጎተት ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም የመኪናውን የኤሌክትሪክ ክፍሎች ሊያግልና ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው የሚያዙት ሙሉ በሙሉ ተጭኖ እንዲሄድ ነው። ለቪትዙ የተማርነው ጥንቃቄ ለኤሌክትሪኩ የበለጠ ያስፈልገዋል።

መጽሐፉ የት አለ?

ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የሚሰጠው መመሪያ መጽሐፍ አለ። በብዙ ቤት ግን ይህ መጽሐፍ ወይ ጠፍቷል ወይ ከመቀመጫ ሥር ተጥሏል። ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ስለመጡ መመሪያቸው በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ቃል አለኝ። በአሶሳና በኩርሙክ አካባቢ ዐረብኛ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። በመድረሳ ዐረብኛ ያነበባችሁ፣ በትምህርት ቤት ፊዚክስና እንግሊዝኛ የተማራችሁ ልጆች ሁለቱም ዕውቀት በእጃችሁ አለ። መጽሐፉን አውጡና «ቀጥር» ወይም «ሰሕብ» የሚለውን፣ ማለትም ስለ መጎተት የሚናገረውን ርእስ ፈልጉ። ካምቢዮው «ናቂል አል-ሐረካ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ገጹን ለአባታችሁ አንብቡለት፣ የፍጥነቱንና የርቀቱን ልክ በወረቀት ጽፋችሁ ጋቢና ውስጥ ለጥፉለት። የተማራችሁት ነገር ለቤታችሁ የሚጠቅምበት ቀን እንዲህ ያለው ነው።

ለአባቶችና ለወንድሞች ደግሞ ይህን እላለሁ። ተሳፋሪ በሹፌር እጅ ያለ አማና ነው። ለጥቂት ብር ነዳጅ ተብሎ በዴዴሳ ወይም በዓባይ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚጠፋ ከሆነ ለአደጋ የተጋለጠው መኪናው ብቻ አይደለም። እህቶችና እናቶችም ሹፌሩ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ሲለቅ፣ የሞተሩም ድምፅ ሲጠፋ ካስተዋላችሁ ዝም አትበሉ፤ «ወንድሜ፣ በማርሽ ውረድልን» በሉት። ይህን መናገር ድፍረት አይደለም።

የቆመ መኪና ስናይም ዛሬም እንደ ቀድሞው እንቁም፣ እንርዳ። ብቻ ገመዱን ከማውጣታችን በፊት «አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል? ለምን ቆመ? የሚነዳው በየትኛው ጎማ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ መንገዳችሁን አላህ ሰላም ያድርግላችሁ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።